ሱምያን ማን ይይዛታል?

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እርስዎም እምዬም፣ ደልጊም ከነሰዉ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ሙሉ በሙሉ እንዳልሆነ ሙኒር ሳይነግርዎ እንዳልቀረ ከጥያቄዎ ገብቶኛል። ወንድሜን የላክሁት ደብዳቤ እንዲያደርስ እንጂ ወሬ እንዲያደርስ አልነበረም። ግን የደልጊ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ እሱና ጀልባው ቴሌ ሆነውብናል፤ ምን ይደረግ።

የሱምያ እጅ ድኗል። የፈሰሰባት የሻይ ውሃ ነው፤ ብዙም አልነበረም። ቆዳዋ ተመልሶ እንደ በፊቱ ለስልሷል። ቀደም ብዬ ያልጻፍሁላችሁ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው፤ አሁን ሳስበው ከሌላ ሰው ስትሰሙት ይብሱን እንደደነገጣችሁ አልጠፋኝም። አፉ በሉኝ።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ልጅ የምትይዝልን ሀኒ፣ ካፌ ውስጥ ሥራ አግኝታ ከሄደች ቆየች። ይህንንም አልነገርኋችሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱምያን የምታውለው እትዬ አገርነሽ ዘንድ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ደግ ሴት ናቸው። ደግነታቸው ነው ጉዱ። ማንንም አልይዝም ማለት አይሆንላቸውም፤ በአንዲት ክፍል የሠፈሩን ልጅ ሁሉ ሰብስበው ሻይ እዚያው ያፈላሉ። ዓይናቸው ደግሞ እንደማንም ሰው ሁለት ነው።

«ታዲያ አሁን ማን ይይዛታል?» ብለውኛል። አባዬ፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ከሠፈራችን ወረድ ብሎ ያማረ የሕፃናት ማቆያ አለ። የሚጠይቁት ከደሞዜ ግማሹን አልፎ ይሄዳል፤ ደግሞ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስገባ የምወጣው ከመሸ ነው። ፋብሪካችን ውስጥም ለማቆያ የተባለ ክፍል አለ። በሩ ላይ ዳክዬ ተስሎበታል፤ ውስጡ ጨርቅ ተቆልሎበታል። «ይከፈታል» ሲባል ሱምያ ሆዴ ውስጥ ነበረች፤ ይኸው አሁን ትሮጣለች።

አለቃችን የሺአረግ ራሷም እናት ናት። ያም ሆኖ «እስከ ኅዳር መጨረሻ አንድ ነገር ካላደረግሽ ከዚያ በኋላ መቅረትሽን ልሸፍንልሽ አልችልም» አለችኝ። ሥራውን እንዳልተው ቡርሀን ለነጋዴ እህል በመኪና እያመላለሰ የሚያገኘው ከቤት ኪራይ አያልፍም። ልጄን ወደ እናንተ እንዳልልክ ደግሞ... ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ፤ እንዳለ ይሂድልኝ።

ልጅዎ ሙኒራ


ደልጊ
ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙኒራ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽን ሙኒር አደረሰ፤ ወሬውንም ከላዩ ጨመረበት። ያን ልጅ ዝም ማሰኘት ለእናቱም አልተቻላት።

ወገቤ እንደሆነ፣ ስሠራ ያመኛል፣ ስቀመጥ ይብስብኛል፤ ስለዚህ እሠራለሁ። አሁን የያዝሁት መልካሙ የሚባል የቆላ ድባ ነጋዴ ያዘዘው ትልቅ ጀልባ ነው። እህል ሊጭንበት ነው። ሰውየው በየገበያው ቀን «ደረሰ ወይ?» እያለ ይልክብኛል፤ እንጨት እንደ እንጀራ በአንድ ጀንበር የሚበስል መስሎታል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ሙኒራ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተፋፍጎ በሚኖርበት ከተማ አንዲት ሕፃን የሚይዝ ሰው ጠፋ? እዚህ እኮ ልጅ በሩን ከወጣ በኋላ ማን እንደያዘው የሚጠይቅ የለም። የራበው ጊዜ ያየው ያበላዋል፤ ያጠፋ ጊዜ የቀረበው ይቆጣዋል። እናንተ ጋ ልጅ መያዝ በሰዓት የሚከፈት የሚዘጋ ሱቅ ሆነ ማለት ነው። እሺ ይሁን፤ ሱቁስ ለሠራተኛ የማይሆን ከሆነ ለማን ነው የተከፈተው? ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ግራ ገባኝ።

የበኩር ልጅ የአያቱ ነው ሲባል ሰምተሻል። አንቺም ያደግሽው እናቴ ጀርባ ላይ ነው፤ ምን ጎደለሽ? ላኪያት። ዓሣው ትኩስ ነው፣ ነፋሱ ንጹሕ ነው፣ እናትሽም እጇ ባዶ ከሆነ ቆይቷል።

መቼም አይሆንም ብዬ፣ ለጨዋታ ያህል «አንቺስ ሄደሽ ብትይዢላት?» ብላት «ምነው ሰውዬ! አማት አማቿ ቤት ከርማ ምን ልትባል ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ታውቂያታለሽ፤ ቡርሀን ውሃ ሲያቀርብላት እንኳ ፊቷን አዙራ ነው የምትጠጣው። ከዚያ ግን ሳጥኗን ከፍታ ልብሷን ስታጣጥፍ አየኋት። ምነው ብላት «ብል እንዳይገባበት ነው» አለች። ይህም አልገባኝም፤ ትቼዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን እናትሽ ናት ያስጻፈችኝ፤ እኔ የለሁበትም፤ መልሱንም ለእሷ ጻፊ።

አባትሽ ኢብራሂም


ባሕር ዳር
ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እምዬ ያስጻፉዎትን ጥያቄ ሲጽፉ እንዳፈሩ ከፊደሉ ያስታውቃል፤ ወደ ታች ሲሄድ ሲሄድ አንሶ አንሶ ጤፍ አክሏል። ለእምዬ እንዲህ ይበሉልኝ፦ ቀን ቀን ጡት ትታለች፤ ማታ ከሥራ ስመለስና ስትተኛ ግን ትጠባለች። ከሁለታችን ማናችን ለማናችን እንደምንሰጥ አንዳንዴ አላውቀውም።

«ላኪያት» ያሉትን ቡርሀን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር አወራን። በማግስቱ ራሱ መኪናው ገቢና ውስጥ አስቀምጧት ዋለ። እንዴት ዋላችሁ ብለው «እኔ መሪ ያዝሁ፣ እሷም መሪ ያዘች» አለኝ። ሁለተኛ እንዳይወስዳት አስማልሁት። ከዚያ ሁለት ቀን የምጠብቃት እኔ ሆኜ ከሥራ ቀረሁ። ስመለስ የእኔ ማሽን ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ ስትሰፋ አየሁ።

ጠዋት ስነሳ እልካታለሁ እላለሁ፤ ጫማዬን ሳደርግ አልልካትም እላለሁ። ሥራ በር ስደርስ እንደገና እልካታለሁ። ሱምያ ደግሞ እንዲህ ስል ሰምታ ይመስል ቀሚሴን ይዛ አትለቅም። እዚያ ብትሄድ እንደምትጠግብ፣ እንደምትወደድ አውቃለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ መወደዷ ነው።

ለማንኛውም እንዳትጠብቋት። ቁርጡ ሲታወቅ እጽፋለሁ።

ልጅዎ ሙኒራ


ደልጊ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙኒራ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ እጄ ስለማያርፍ ነው።

«እንዳትጠብቋት» ብለሽ ጽፈሽ ደብዳቤሽ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ባልሽ ልጅቷን ታቅፎ በሬ ላይ ቆመ። እህል ሊጭን ቆላ ድባ መጥቶ፣ ከዚያ እዚህ ድረስ ይዟት ዘለቀ። ተኝታ ነበር። «እማማስ?» አለኝ። «ለቅሶ ሄዳለች፣ ዛሬ ነገ ትመጣለች» አልሁት። እውነቴን ነው፤ እናትሽ በሙኒር ጀልባ ሐይቁ ማዶ ለቅሶ እደርሳለሁ ብላኝ ነው የወጣችው። እሱም ጭነቱ እየጠበቀው ስለነበር፣ ከዚያም መተማ ስለሚወርድ፣ ግንባሯን ስሞ ሄደ። መኪናው ከዓይኔ ሲጠፋ ልጅቷ ነቃች።

እናትሽ እስካሁን አልተመለሰችም። ሙኒርም የለም። ማን እንደሞተ ሠፈሩን ብጠይቅ የሞተ ሰው የለም። ሳጥኗን ከፈትሁት፤ ባዶ ነው። ብሉ ልብሱን ሁሉ ይዞት ሄዷል።

አሁን በግልጽ መልሺልኝ። እናትሽ አንቺ ጋ ናት? ይህችስ ልጅ የምትበላው ምንድን ነው? ገንፎ ብሰጣት ተፋችው፤ ሳልሰጣት ስቀር አለቀሰች። ይህን ጽሑፍ በሕዝብ ጀልባ ለሚሄደው ለጎረቤታችን ለደሞዝ ሰጥቻለሁ፤ ቶሎ መልሺ።

አባትሽ


ባሕር ዳር
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ሱምያ ደረሰች? ደህና ናት? ሳለቅስ የምጽፈው ደብዳቤ ስለሆነ ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት በር ተንኳኳ። ስከፍት እምዬ ናቸው፤ ጓዛቸውን አስሮ የያዘው ሙኒር ከኋላቸው ቆሟል። «ልጅቷ የታለች?» አሉኝ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ። «እናንተ ጋ» አልኋቸው። ከዚያ እምዬ ሳቁ፣ እኔ አለቀስሁ፤ ቀጥሎ እሳቸው አለቀሱ፣ እኔ ሳቅሁ። ሙኒር እንኳ አፉን ያዘ።

ለምን ሳይነግሩን መጡ ብላቸው «አማች ቤት ልከርም ነው ብዬ አገር ላሰማ? ለአባትሽም ለቅሶ ነው ብዬዋለሁ» አሉ። ለካ ልብስ ሲያጣጥፉ የከረሙት ለዚህ ነው። ቆርጠው የወጡት የሱምያን እጅ ነገር ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው ነው። እኔስ ለምን ሳልነግራችሁ ላክኋት? የሕፃን መንገድ አስቀድሞ ከተነገረ ዓይን ይከተለዋል ብለው ያሳደጉኝ እሳቸው አይደሉም? ሰው እንዳይሰማ ብዬ፣ እናንተም እንዳትሰሙ አደረግሁ። ይኸውና እሳቸው በሐይቁ ሲመጡ እሷ በየብስ ዞራ ሄደች። አሁን አያቷ ያለ ልጅ እኔ ጋ ተቀምጠዋል፤ ልጄ ያለ ሴት እርስዎ ጋ ናት። ከዚህ የባሰ ዘዴ ማን ያውቃል?

ይህንን ይዞ የሚመለሰው ሙኒር ነው። በሚቀጥለው ጉዞው ሱምያን ይዟት እንዲመጣ ለምኜዋለሁ። እምዬ «ወጥቼ የታየሁትን ያህል ታይቻለሁ፤ ልጅቷ ወደዚህ ትምጣ እንጂ እኔ አልመለስም» ብለዋል። ገንፎ ሲሰጧት ትንሽ ማር ጠብ ያድርጉበት፤ ሲያጎርሷት ወደ ሌላ ቦታ እያዩ ይሁን፤ ካዩዋት ትተፋዋለች። ስትተኛ የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች።

ልጅዎ ሙኒራ


ደልጊ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙኒራ፣

ወዐለይኩም ሰላም፤ ለዚያች ለለቅሶ ሂያጇም ሰላም በይልኝ። ተቆጥቻለሁ በያት። ካመነችሽ ደግሞ ደህና መሆኔንም ንገሪያት።

ሙኒር ደብዳቤሽን ካደረሰ በኋላ ቤንዚን አጥቶ ጀልባው ቆሟል። ለሕዝብ ጀልባ ደግሞ ደብዳቤ እንጂ ልጅ አይሰጥም። ስለዚህ ሱምያ እዚሁ ናት።

ማሩ ሠርቷል። ወደ ሌላ ቦታ ማየቱም ሠርቷል፤ ሐይቁን እያየሁ አጎርሳታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እንዴት እንዳደርን አልነግርሽም። አሁን ጢሜን ይዛ ነው የምትተኛ።

ቀን የት ትውላለች ትዪ ይሆናል። ጀልባው ውስጥ። የመልካሙ ጀልባ ጎኑ ሁሉ ተሠርቶ አልቋል፤ ውሃ አልነካም፤ ደረቅ መሬት ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ ቁርበት አነጠፍሁና ከውስጥ አስቀመጥኋት። መውጣት አትችልም፣ ምንም አይወድቅባትም፣ ጥላ አላት። እኔ ከውጭ እየመታሁ፣ እሷ ከውስጥ እየመታች እንውላለን። የመላጊያ ፍቅፋቂ እሰጣታለሁ፤ በራሷ ላይ ትበትነዋለች። መዶሻው ሲያርፍ «አባ!» ብላ ትጮኻለች። የሠፈሩ ሴቶች ስሜን ለውጠው «ሞግዚቱ» ይሉኛል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር።

ቀረሶ ዓሣ ትወዳለች። አጥንቱን በጣቴ እየለቀምሁ ነው የምሰጣት፤ ለእናንተ አንዳችሁም እንዲህ አድርጌ አላውቅም። እናንተን ማን እንዳበላችሁ እንኳ አላየሁም። ልጅ ሲያድግ የሚታይ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር ሙኒራ።

መልካሙ ራሱ መጥቶ ነበር። እንጨቱ አልደረቀም አልሁት።

እናም አትቸኩይ። አንቺም ሥራሽ ላይ አተኩሪ። እናትሽም ከተማውን ትይ።

አባትሽ ኢብራሂም


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጀልባው ውስጥ የተቀመጠችበትን ለእምዬ አነበብሁላቸው፤ እንዳነብ ሦስቴ አስደገሙኝ። እኔ ግን «አትቸኩይ» የሚለውን ሦስቱንም ጊዜ ዘለልሁት።

እምዬ ምን እየሠሩ እንደሆነ ልንገርዎ። ከመጡ ጀምሮ የቡርሀንን እህል አልቀመሱም። «እሱ ባይኖርም ቤቱ የእሱ ነው» ብለው እትዬ አገርነሽ ዘንድ ሄደው ነው የሚበሉ። ዝም ብሎ መብላት ደግሞ አይሆንላቸውም፤ ልጅ ማጠብ ጀመሩ። ቀጥሎ የሻይ ማፍያውን ከክፍሉ አስወጥተው ጓሮ አስቀመጡት። «እንዲህ ልጅና እሳት አንድ ላይ ይውላል?» ብለው እትዬ አገርነሽን ተቆጧቸው፤ እሳቸውም «እኔስ ሁለተኛ ሰው ላክልኝ ስል ነበር የከረምሁ» ብለው ሳሟቸው። አሁን ሁለቱ አንድ ላይ ይይዛሉ። የጠዋት ፈረቃ ጠዋት ያመጣል፣ የከሰዓቱ ከሰዓት፤ ማታ ቆይተን ብንወስድም አይቆጡንም። እናቶቹ የምንችለውን ቆንጥረን እንሰጣለን። የሺአረግ የራሷን ልጅ ይዛ መጣች! ማሽኔም ተመልሶልኛል። ስፈልገው የነበረው ቦታ ከበሬ ፊት ለፊት ተከፍቷል፤ የሰው ልጅ ሁሉ ገብቶበታል፤ የእኔ ልጅ ብቻ የለችበትም። እናቴ የሰው ልጅ አቅፈው ሳይ የምይዘው ጠፋኝ።

ማክሰኞ ዕለት ሙኒር ቤንዚን አግኝቶ እንደሚመጣ ሰምቼ፣ ፈቃድ ጠይቄ ወደቡ ላይ ቆምሁ። ቀሚሷን ይዤ ነበር፤ በነፋስ እንዳይበርዳት ብዬ። ሙኒር ወረደ። ዓሣው ወረደ። ከዚያ የሚወርድ ነገር አልቆ እሱ ጀልባውን ማሰር ጀመረ። «አባዬ ነፋስ አለ፣ ለልጅ አይሆንም ብለው ከለከሉኝ» አለኝ። ነፋስ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ሙኒር ዝም ብሎ ያውቃል አባዬ?

እምዬ መጀመሪያ ያስጻፉዎትን ጥያቄ ዛሬ ቢጠይቁኝ መልሱ ሌላ ነው። ሱምያ ብትመጣ እንኳ የምሰጣት የለኝም፤ ደርቋል።

ድፍረት ከሆነ አፉ ይበሉኝ። ግን እየጠበቁልኝ ነው ወይስ እየወሰዱብኝ? እኔ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። ማክሰኞ ደልጊ ነፋስ ነበር?

ልጅዎ ሙኒራ


ደልጊ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙኒራ፣

ነፋስ አልነበረም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ እሑድ ነው። መልስ ልጽፍ ተቀመጥሁ። እየጠበቅሁልሽ ነው ብዬ ጀመርሁ፤ ሰረዝሁት። እየወሰድሁብሽ ነው ብዬ መጻፍም አልቻልሁም። እኔም እንዳንቺ መለየት አቅቶኝ ነበር። ሙኒር ሊወስዳት ሲመጣ ጢሜን ይዛ ተኝታ ነበር፤ «ነፋስ አለ» የሚለው ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት።

ትናንት ጀልባው ውስጥ አስቀምጫት ስሠራ፣ እንዴት እንደወጣች አላውቅም፣ ጎኑን ይዛ ተንጠልጥላ ወጣች። ወደቀችና ጉልበቷን ተጋጠች። ቁስሏ ትንሽ ናት፣ አትደንግጪ፤ የደበቅሁሽ ነገር የለም። ዓሣ ይዛ የምታልፍ ሴት ነበረች፤ የልጅቷን ጩኸት ስትሰማ ዘንቢሏን ጥላ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት። ሱምያ አልፋት መጣች። «እማ! እማ!» እያለች መጥታ እግሬን ያዘችው። አነሳኋት። ፊቴን አይታ፣ ማን እንደሆንሁ አይታ፣ ደግማ «እማ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሴትየዋ ሳቀች። እኔም ልስቅ አልሁና አፈርሁ። ጢሜ የሸበተ ሰውዬ የልጄን ስም ወስጄ ቆሜ ነበር። ያ ስም የአንቺ ነው። እዚያ ማሽን ላይ ቁጭ ብለሽ የምትውዪው ለሱ ነው።

ጀልባውን ዛሬ ለመልካሙ ሰጠሁት። ውሃ ላይ ሲያወርዱት ሱምያ አለቀሰች፤ እኔም መሣሪያዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት በሙኒር ጀልባ እንነሳለን። ይህን የሚያደርስልሽ ቀድሞን የሚወጣው ደሞዝ ነው። ነፋስ ቢኖርም ቀን ቆጥሬ አላዘገይም፤ ዓርብ እንነሳለን። አማች ቤት ለማደር ለእናትሽ ያሳፈራት ነገር እኔንም ያሳፍረኛል፤ ግን እሷ እትዬ አገርነሽ ዘንድ የምትበላ ከሆነ ለእኔም አንድ ጥግ አይጠፋም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ወደቡ ላይ ስታዪን እንዳትሮጪባት። ስሟን አንድ ጊዜ ጥሪና ቁሚ። ካልመጣችልሽ ፊቷ አታልቅሺ፤ ከእቅፌ አውርጄ መሬት ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ከዚያ ለእሷ እንዳልታያት ከሰዉ ኋላ እሄዳለሁ። ትፈልገኛለች። ዞር ዞር ትላለች። የዚያን ጊዜ በአጠገቧ ያለሽው አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ።

አባትሽ ኢብራሂም